ቅጥርና በር

ሰው ቤት ከሠራ በኋላ ቀጥሎ የሚያስበው ነገር አጥር ነው። አጥሩም እንደየአቅሙ ነው፤ ገበሬው እሾህ ያጥራል፤ የከተማው ሰው ቆርቆሮ ይመታል፤ ባለጠጋውም ድንጋይ አስገንብቶ በድንጋዩ ራስ ላይ የተሰበረ ጠርሙስ ይተክላል። ይህ ሁሉ ግን አንድ ሰው ራሱንና ቤተ ሰቡን ከሌላው የሚለይበት ነው። አንድ ሙሉ ከተማ፣ ባለጠጋውንና ድኻውን፣ መስጊዱንና ገበያውን፣ ሕያዋኑንና ሙታኑን ሳይለይ ባንድ ቅጥር ውስጥ ይዞ የኖረበትን ቦታ ለማየት ከፈለግህ፣ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ባሕር መሻገር አያስፈልግህም። በጐንደር ያለውን ቅጥር አይተህ ይሆናል፤ እርሱ 900 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ውብ ግንብ ነው፤ ነገር ግን የሚከብበው የነገሥታቱን ግቢ ነው፤ ሕዝቡ የሚኖረው ከውጭ ነበር። የኮንሶ ሰዎችም መንደሮቻቸውን በድንጋይ ካብ ከብበው ይኖራሉ፤ ስለ እነርሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይገባቸዋል። እኔ ዛሬ የምነግርህ ስለ ሐረር ነው።

በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ የጂኦግራፊ መምህራችን በክፍሉ ግድግዳ ላይ ካንጠለጠሏቸው ሥዕሎች አንዱ አቪላ የምትባል የስፔን ከተማ ሥዕል ነበር። አቪላ በኰረብታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ቅጥሯ መሠራት የጀመረው በፈረንጆች አቈጣጠር በ11ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው፤ ርዝመቱ 2 ኪሎ ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ 12 ሜትር ያህል ሲሆን 88 ማማዎችና 9 በሮች አሉት፤ የካቴድራሉ ጀርባ እንኳ ከቅጥሩ ጋር ተዋሕዶ እንደ አንድ ማማ ሆኖ ቆሟል። እኛ ልጆች ማማዎቹን በጣታችን እየቈጠርን፣ በዚያ አገር ፀሓይ ከበር ወደ በር ስንሄድ እናስብ ነበር። በራሳችን አገር ሐረር የሚባል ባለቅጥር ከተማ መኖሩን የሚያሳይ ሥዕል ግን በዚያ ክፍል አልነበረም። ካደግሁ በኋላ ቁጥሩን ሳስተያየው፣ ጁገል የሚባለው የሐረር ቅጥር ቁመቱ 4 ሜትር ገደማ፣ ማለት የአቪላ ሲሦ ያህል ነው፤ ርዝመቱ ግን 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ስለ ሆነ ከአቪላ ይበልጣል። ይህን ያነሣሁት የእኛ ይበልጣል ብዬ ለመፎከር አይደለም፤ ቁመትም ሆነ ርዝመት ለብቻው ስለ ሰው የሚናገረው ጥቂት ነው። የሩቅ አገርን ማማ 88 ብሎ የቈጠረ ልጅ የአገሩን በር አምስት ብሎ ለመቍጠር አይከብደውም ለማለት ያህል ነው።

ወደ ሐረር የሄድሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም. በግንቦት ወር ነው። ከቢሾፍቱ ተነሥቶ ሞጆንና አዳማን አልፎ ወደ ምሥራቅ የሚወርድ ሰው ሙቀቱን ደረጃ በደረጃ ይቀበለዋል፤ መተሐራ ሲደርስ ሹራቡን ያወልቃል፤ አዋሽ ሲደርስ ደግሞ ሌላም የሚወልቅ ነገር በኖረኝ ብሎ ይመኛል። በመተሐራ ዳር የባሰቃ ሐይቅ አለ፤ ውኃው ጨዋማ ሲሆን፣ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት እየሰፋ መሬቱን ሲወስድ የኖረ ሐይቅ ነው። ጭሮን፣ ሒርናን፣ ጨለንቆንና ቁልቢን አልፈህ ወደ ሐረር ስትቀርብ ደግሞ የሐረማያን ሐይቅ ታገኛለህ። ይህኛው ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ሲሰጥ ኖሮ፣ ከመቅዳት ብዛትና ከተራራው ከሚወርደው ደለል የተነሣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆኖ ነበር፤ ውኃ ተመልሶ የታየበት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በሐይቆች መካከል ለምንኖር ለቢሾፍቱ ሰዎች ይህ መንገድ ብቻውን ትምህርት ይሆናል፤ ነገር ግን ወደ ጕዳዬ ልመለስ።

ቢሾፍቱና ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ያላቸው ከፍታ ሊተካከል ጥቂት ነው የሚቀረው፤ የሐረር 1,885 ሜትር ነው። ዕድላቸው ግን ተለያየ፤ የለየውም ሐዲድ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር መጀመሪያ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ሆኖም ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ቀጥ ያለ ስለ ሆነ ወጪው በዛ፤ ስለዚህ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው በታች ባለው ሜዳ ላይ ደረሰ፤ በዚያም አዲስ ከተማ ተቈረቈረች። መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለች፤ ዛሬ ድሬ ዳዋ የምንላት እርሷ ናት። ሐዲዱ ከዚያ ወደ ምዕራብ ቀጥሎ አዋሽን ተሻግሮ በእኛ አገር አልፎ አዲስ አበባ በ1909 ዓ.ም. ገባ። ከዘይላዕ ወደብ በግመል እየመጣ በሐረር በሮች ሲገባ የኖረው ንግድ ወደ ድሬ ዳዋ ወረደ። የሐረር ነጋዴ በዚህ እንደ ተጐዳ ጥርጥር የለውም። ለእኔ እንደሚመስለኝ ግን ቅጥሩን እስከ ዛሬ ካቆዩት ነገሮች አንዱ ይኸው ጕዳት ነው። ሐዲዱ ወደ ላይ ወጥቶ ቢሆን፣ ከሐዲዱ ጋር የሚመጣው ገንዘብ በር አስፍቶ፣ ግንብ አፍርሶ፣ መጋዘን ሠርቶበት ነበር።

ሐረር የደረስሁት ማታ ነው፤ ጕብኝቱን የጀመርሁት በማግሥቱ ከሸዋ በር ነው። አብሮኝ የሄደው የዚያው ከተማ ልጅ የሆነ ወጣት አስጐብኚ ነበር፤ ከእናቱ የሐረሪን ቋንቋ፣ ከገበያው ኦሮምኛን፣ ከትምህርት ቤት አማርኛን፣ ከጐረቤቱ ሶማልኛን ተምሯል። በአራት ቋንቋ የሚያስብ ልጅ በየቀኑ አይገኝምና ደስ አለኝ። ገና ከረፋዱ አራት ሰዓት ሳይሞላ ፀሓይዋ አናት የምትበሳ ሆነች። የሐረር ፀሓይ እንደ አዋሽ ፀሓይ አታነድም፤ ነገር ግን ጥላ በሌለበት በቅጥሩ ግርጌ ስትሄድ ከላይ ትመታሃለች፤ ከድንጋዩ ደግሞ ተመልሳ ፊትህን ታገኝሃለች። ዣንጥላዬን ዘረጋሁ። ልጁም ሣቅ ብሎ፣ «አባባ፣ ቅጥሩ ጥላ የሚሰጠው ለውስጡ ነው፤ ትንሽ ይታገሡኝ» አለኝ።

እንግዲህ ይህን ቅጥር ማን ሠራው? የከተማው ሰው ሁሉ የሚመልሰው አንድ ስም ነው፤ አሚር ኑር። የታሪክ ተመራማሪዎች ከቅጥሩ አንዳንዱ ክፍል ከእርሱ በፊት የነበረ ነው ይላሉ፤ ቅጥሩን ቅጥር ያደረገው ግን እርሱ መሆኑን ትውፊቱ ይመሰክራል። ነገሩን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

በ1512 ዓ.ም. ሱልጣን አቡበከር መቀመጫውን ወደ ሐረር አዛወረ። እኛ ግራኝ እያልን የምንጠራው፣ በሐረር ግን ኢማም አሕመድ ተብሎ በክብር የሚጠራው ሰው የተነሣው ከዚህ ነው። በደጋው ያለ ልጅ የኢማሙን ዘመቻ የሚያውቀው ከተቃጠለው ቤተ ክርስቲያን በኩል ነው፤ የሐረር ልጅ ደግሞ ያልተመለሰውን አባት ከሚጠብቀው ቤት በኩል ያውቀዋል። ኢማሙ በ1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ ሲወድቅ፣ ሚስቱ ባቲ ድል ወንበራ ወደ ሐረር አመለጠች። በኋላም የእኅቱን ልጅ ኑር ኢብን ሙጃሂድን አገባች፤ የባሏን ደም እንዲመልስ ቃል አስገብታ እንዳገባችው ይነገራል። ኑርም በ1551 ዓ.ም. ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋር ተዋጋ፤ ንጉሡም በጦር ሜዳ ወደቀ።

አንባቢዬ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም በል። ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ይጨርሰዋል፤ አንዱ ወገን እየፎከረ፣ ሌላው እያዘነ። ነገር ግን ኑር በንጉሡ ላይ በዘመተበት በዚያው ሰሞን የንጉሡ የጦር አለቃ ሐመልማል ሐረር ገብቶ ሱልጣን በረከትን ገደለ። ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች የጠላታቸውን ንጉሥ ገድለው የራሳቸውን ንጉሥ ቀበሩ። በሁለቱ መካከል አገሩ ባዶ ሆኖ ነበርና፣ ኦሮሞዎች ከደቡብ እየገፉ ወደ ሁለቱም መጡ። ኑር ከእነርሱ ጋር ባደረገው ጦርነት ብዙ ሰው አለቀበት። ከዚያም ረኃብ ገባ፤ ከረኃቡ ቀጥሎ ወረርሽኝ መጣ፤ በ1560 ዓ.ም. ገደማ ኑር ራሱ በዚያ በሽታ ሞተ። እንግዲህ ቅጥሩ የተነሣው በፉከራ ዘመን ሳይሆን፣ ወታደሩ ባለቀበት፣ እህሉ በተወደደበትና ሙታን በበዙበት ዘመን ነው። ሰው ጠፍቶ ድንጋይ በሰው ምትክ ቆመ ማለት ነው። የአሚር ኑር መቃብር ዛሬም በቅጥሩ ውስጥ አለ፤ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ጉልላት አለው፤ ጠዋት ጠዋት ዱዓ የሚያደርጉ ሰዎች አይታጡበትም።

ድንጋዩ በአገሩ ሰው ሐሺ የሚባል የኖራ ዘር ድንጋይ ነው፤ በጭቃ ተያይዟል። አምስቱ ጥንታውያን በሮች በሐረሪ ቋንቋ አሱም በሪ፣ አርጎብ በሪ፣ ሱቁታት በሪ፣ በድሮ በሪና አስማዲን በሪ ይባላሉ፤ በአማርኛ ደግሞ በቅደም ተከተል ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በር፣ ቡዳ በርና ሸዋ በር እንላቸዋለን። «በሪ» በር ማለት እንደ ሆነ ማንም አማርኛ የሚያውቅ ሰው ይሰማዋል፤ ሁለቱ ቋንቋዎች የአንድ አያት ልጆች ናቸው። አምስቱን በሮች ከአምስቱ የእስልምና መሠረቶች ጋር የሚያያይዙ ብዙዎች ናቸው። ስድስተኛ በር አለ፤ እርሱ በኋላ ዘመን ለመኪና የተከፈተ ነው፤ የሐረር በር ይባላል።

በሮቹ በቀድሞ ዘመን ሲመሽ ይዘጉ ነበር። ከውጭ የሚመጣ ሰው ጦሩን በበሩ አስቀምጦ ይገባ እንደ ነበረ ልጁ ነገረኝ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አብሮ መታየት አለበት። አንደኛው፣ ቅጥሩ የሚከለክለው የኦሮሞ ገበሬ ከተማይቱን የሚመግባት ሰው ነበር፤ ማሽላውን፣ ቡናውን፣ ማገዶውን፣ ወተቱን የሚያመጣው እርሱ ነው፤ ጨርቁንና ጨውን ይዞ የሚመለሰውም እርሱ ነው። በሩ ሳምንት ሙሉ ቢዘጋ ከውጭ ያለው ገበሬ ጨው ያጣል፤ በውስጥ ያለው ከተሜ ግን እራት ያጣል። ስለዚህ ሐረርን ያኖራት ቅጥሩ ብቻ አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት በሩን የሚከፍተው እጅ ነው። ሁለተኛው ግን፣ በዚያው በር ከቡናና ከዝሆን ጥርስ ጋር ባሪያ ተብሎ የተነዳ ሰውም ይወጣ ነበር። ይህን ሳይናገሩ ስለ ንግድ ማሞገስ አይገባም።

ቅጥሩ የጠበቀው አንድ ትልቅ ነገር ቋንቋውን ነው። በታኅሣሥ 1847 ዓ.ም. ሪቻርድ በርተን የሚባለው እንግሊዛዊ የዐረብ ነጋዴ መስሎ ከተጓዘ በኋላ እንግሊዛዊነቱን ገልጦ ወደ ሐረር ገባ፤ አሚሩ አሕመድ ፊት ቀርቦ ዐሥር ቀን ያህል ከቈየ በኋላ በሰላም ወጣ። ክርስቲያን ከገባ ከተማይቱ ትጠፋለች የሚል ቃል ይነገር ነበርና ድፍረቱ በአውሮፓ ዝና አስገኘለት። እኔ ከድፍረቱ ይልቅ የማደንቅለት የቋንቋውን ሰዋስውና ቃላት ሰብስቦ በመጽሐፉ መጨረሻ ማተሙን ነው። ያን ጊዜም ይህ ቋንቋ ከቅጥሩ ውጭ እንደማይነገር ጽፏል። አንድ ቋንቋ በ48 ሄክታር መሬት ላይ ለመቶ ዓመታት ሲኖር አስበው! በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ የሐረሪ ክልል ሕዝብ 183,415 ሲሆን፣ ሐረሪ የሆነው ከመቶ ዘጠኝ ያህል ብቻ ነበር። ከዚህም ጥቂት ሕዝብ አብዛኛው ዛሬ በአዲስ አበባና በውጭ አገር ተበትኖ ነው የሚኖረው። ልጁ ራሱ ከእኅቶቹ ጋር በስልክ ሲነጋገር አማርኛ እንደሚቀላቅል ነገረኝ። ጠላት ሊሰብረው ያልቻለውን ቅጥር የስልክ ወሬ ሲሻገረው ምን ይባላል?

በቡዳ በር ገባን። እውነትም ልጁ እንዳለው ጥላ አገኘን። የሐረር መንገዶች ጠባብ ናቸው፤ በአንዳንዱ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ አያልፍም፤ አንዱ ቆሞ ሌላውን ያሳልፋል። ግድግዳው ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ ይቀባል። መንገዱ ጠባብ የሆነው ቦታ ስለ ጠበበ ብቻ ነው ብለህ አታስብ፤ ግራና ቀኙ ግድግዳ ረጅም፣ መንገዱ ደግሞ ቀጭን ሲሆን ፀሓይ ወደ ታች የምትደርሰው በቀትር ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። የደቡብ ስፔንም አሮጌ ሰፈሮች በዚህ ዓይነት እንደ ተሠሩ መጻሕፍት ያስረዳሉ፤ ሙቀት በየአገሩ ለሰው ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። በዚህ ትንሽ ስፍራ ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የወሊዮች ስፍራዎች አሉ። ሥጋና ቅመም የሚሸጥበትን ጊዲር መጋላን አልፈን፣ መኪና ግርግር በሚባለው አቀበት ወጣን። ስሙ የመጣው በግራና በቀኝ ተደርድረው በእግር የስፌት መኪና ከሚነዱት ልብስ ሰፊዎች ድምፅ ነው። ጨርቅ ገዝተህ ከፊት ለፊት ላለው ሰፊ ትሰጠዋለህ፤ ገበያህን ጨርሰህ ስትመለስ ልብሱ ተሰፍቶ ይጠብቅሃል።

አቀበቱ የሚያልቀው በፈረስ መጋላ ነው፤ የፈረስ ገበያ ማለት ነው። ከጕብኝቱ ሁሉ ረጅም ጊዜ የቆምሁት እዚህ ነው፤ ምንም እንኳ ጥላ ባይኖረውም።

ግብጾች በ1868 ዓ.ም. ሐረርን ያዙ፤ አሚሩንም ገደሉ፤ በ1877 ዓ.ም. ለቀው እስኪወጡ ድረስ ገዙ። ከእነርሱ በኋላ አሚር ዐብዱላሂ ተሾመ። በ1879 ዓ.ም. በገና ሰሞን፣ ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ ከነበሩት ከምኒልክ ሠራዊት ጋር በጨለንቆ ተዋጋ። ጦርነቱ ብዙ አልቆየም፤ የሞተው ሰው ግን ብዙ ነው። አሚሩ ሸሸ፤ ምኒልክም ገብተው ከተማይቱን ለራስ መኰንን ሰጡ። በግብጾች ጊዜ መስጊድ በነበረበት በዚያ አደባባይ ዳር የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተሠራ፤ ዛሬም አለ። በአደባባዩ መካከል ደግሞ በጨለንቆ የወደቁትን የሚያስታውስ ሐውልት በኋላ ዘመን ቆሟል። በከተማይቱ የነበረው የራስ መኰንን ሐውልት በሰኔ 2012 ዓ.ም. በተነሣው ሁከት ፈርሷል። እኔ የሸዋ ሰው ነኝ፤ ከቤተ ክርስቲያኑና ከሐውልቱ መካከል ቆሜ ወዴት እንደምመለከት ቸገረኝ።

ልጁም ይህን ያየ ይመስላል፤ «አባባ፣ አስተማሪ ነበርሁ ብለውኛል። ስለ ጨለንቆ ለልጆች ምን ብለው ነበር የሚያስተምሩት?» አለኝ።

«ሁለት ጊዜ አስተምር ነበር» አልሁት። «አንድ ጊዜ መጽሐፉ እንዳለ፣ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ያዙ ብዬ። ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ፣ በዚያን ቀን በሐረር ውስጥ በር ዘግቶ የሚጠብቅ ልጅ ብትሆኑ ምን ትሰሙ ነበር? ብዬ እጠይቃቸው ነበር።»

«ምን ይሉ ነበር?»

«ብዙዎቹ ዝም ይሉ ነበር። አንድ ዓመት ግን አንዲት ልጅ ተነሥታ፣ እናቴ ስታለቅስ እሰማ ነበር አለች።»

ልጁ ጥቂት አሰበና፣ «እኛ ቤት ስለ ጨለንቆ የሚወራው ወለሉ ሲቀባ ነው» አለኝ። ነገሩ ስላልገባኝ ወደ አክስቱ ቤት ወሰደኝ።

የሐረሪ ቤት ጌይ ጋር ይባላል። ከውጭ ሲታይ ድንጋይና አንድ በር ብቻ ነው፤ በውስጡ ግን ደረጃ ደረጃ ያላቸው ነደባ የሚባሉ መቀመጫዎች አሉ፤ የቤቱ አባወራ፣ ሽማግሌው፣ እንግዳው፣ ልጁ እያንዳንዱ የተወሰነ ቦታ አለው። ግድግዳው ላይ ከሣር የተሠሩ ባለቀለም ሞሰቦችና ሳሕኖች ተደርድረው ተሰቅለዋል። ወለሉና ነደባው በቀይ አፈር ይቀባል፤ በጨለንቆ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይባላል። የልጁ አክስት በክብር ተቀብለውኝ ከላይኛው ነደባ አስቀመጡኝ፤ ከወተት ጋር የሚፈላውን ሆጃ ሰጡኝ። በሙቀት ቀን ትኵስ መጠጥ መስጠት መጀመሪያ የሚያስገርም ነው፤ ሁለተኛውን ሲኒ ስጨርስ ግን ላቤ ደርቆ ነበር። ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው እንጨትና ጭቃ ስለ ሆነ ከውጭ ያለው ሐሩር ከደጅ ቀረ። ስለ ጨለንቆ ምንም አልተናገርንም። እሳቸው ስለ ልጅ ልጆቻቸው ጠየቁኝና ስለ ልጅ ልጆቻቸው ነገሩኝ፤ እኔም እንዲሁ።

ከሰዓት በኋላ የፈረንሳዩ ባለቅኔ የረምቦ ቤት የሚባለውን አየን። አርተር ረምቦ በታኅሣሥ 1873 ዓ.ም. ለንግድ ሐረር መጥቶ፣ ወጣ ገባ እያለ እስከ 1883 ዓ.ም. ቆይቶ፣ እግሩን ታሞ ተመልሶ በኅዳር 1884 ዓ.ም. በማርሴይ ሞተ። ቤቱ ያማረ ነው፤ የድሮ ፎቶግራፎችም አሉበት። ነገር ግን ረምቦ አልኖረበትም፤ ከእርሱ በኋላ አንድ የሕንድ ነጋዴ የሠራው ነው። ፈረንጆች ከሩቅ መጥተው የሚሰለፉበት ይኸው ነው፤ ስለዚህ ብዙ አልልም።

ብዙ ልልበት የምወደው ከዚያ የማይርቀው የሸሪፍ ሙዚየም ነው። ተፈሪ መኰንን ኖረውበታል በሚባለው ባለእንጨት ሰገነት ቤት ውስጥ ይገኛል። አብዱላሂ ሸሪፍ የሚባሉት የከተማው ተወላጅ፣ በመንግሥት ታዝዘው ሳይሆን በራሳቸው ፈቃድ፣ መጀመሪያ በቤታቸው የጀመሩት ስብስብ ነው። በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት፣ ሐረር ራሷ ያሳተመቻቸው ገንዘቦች፣ ልብሶች፣ ሰይፎች፣ የድሮ ዘፈን የተቀዳባቸው ካሴቶች ሁሉ በዚያ አሉ። ከሁሉ የሚደነቀው ግን ተረስቶ የነበረውን የሐረር የመጽሐፍ ድጕሰት ሙያ መልሰው ማንሣታቸው ነው። የተበጣጠሰውን ገጽ ይጠግናሉ፤ በቆዳ ይደጕሳሉ። እኔ ይህን ሳይ፣ አንድ ሰው ብቻውን ቅጥር ሊሠራ ይችላል ብዬ አሰብሁ። ከሙዚየሙ ስንወጣ ልጁ ልጅ ሳለ ከቤታቸው የተገኘ አሮጌ መጽሐፍ እናቱ ወደዚህ እንዳመጡት ነገረኝ፤ ዛሬም በመስታወት ውስጥ ሲያየው ሰላም ብሎት ያልፋል።

በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጁገልን በዓለም ቅርስነት መዘገበው። መመዝገብ ግን ማስጠገን አይደለም። በአንዳንድ ስፍራ ቤቶች ቅጥሩን እንደ ኋላ ግድግዳ አድርገው ተደግፈውበታል፤ ዝናብ ጭቃውን ሲያጥበው ድንጋዩ ይወርዳል፤ በሐሺ ድንጋይ ፈንታ በሲሚንቶ የተደፈነም አይቻለሁ። በሲሚንቶ የተደፈነው ከሩቅ ያምራል፤ ዕድሜው ግን እንደ ጭቃው አይሆንም፤ አሮጌው ድንጋይ መተንፈስ ይፈልጋልና።

ይህን ስናገር በእኔ በራሴ ከተማ ያለው አጥር ትዝ ይለኛል። በልጅነቴ በቢሾፍቱ ሐይቅ ከንፈር ላይ ቆሞ ውኃውን ማየት የማንም ልጅ ነገር ነበር፤ ደብተራችንን በድንጋይ ላይ አስቀምጠን የምንቈጥረው የወፍ መንጋ ነበረ። ዛሬ በሐይቆቹ ዳር በብዙ ስፍራ ረጅም አጥር ቆሟል፤ ውኃውን ለማየት የሚፈልግ ልጅ በበሩ ዘበኛ አለበት፤ ቢገባም የሻይ ዋጋ የአባቱን የቀን ገቢ ያህል ነው። አሚር ኑር ከረኃብና ከሽንፈት በኋላ ድንጋይ ሲያስክብ፣ ሰጋጁንም ለማኙንም ከውስጥ አድርጎ ነው ያስከበው። እኛ በሰላምና በጥጋብ ዘመን የምናጥረው ግን ጐረቤታችንን ከውጭ ለማስቀረት ነው። ይህ ልዩነት ቀላል ሆኖ አልታየኝም። ሐረር ውስጥ ሰው ሲሞት ወይም ሲጋባ የሚረዳዳበት አፎቻ የሚባል ማኅበር አለ፤ እንደ እኛ ዕድር ያለ ነው፤ ልጁ እንደ ነገረኝ ድኻ ነህ ተብሎ ከአፎቻ የሚቀር የለም።

ፀሓይዋ ስትዘቀዝቅ ወደ ፈላና በር ሄድን። ከቅጥሩ ግርጌ እዚህም እዚያም ዝቅተኛ ቀዳዳ አለ፤ በሐረሪ ቋንቋ ወረባ ኑዱል፣ የጅብ ቀዳዳ ይባላል። የዝናብ ውኃ ይወጣበታል፤ ሌሊት ደግሞ ጅብ ይገባበታል። በሩ ለሰው ሲዘጋ ለጅብ ክፍት ሆኖ የሚያድር ከተማ በሌላ አገር አልሰማሁም። ጅቡ በየመንገዱ የተጣለውን አጥንት በልቶ ከተማውን ጠርጎ ይወጣል፤ ሰውም አይነካውም፤ እርሱም ሰውን አይነካም። በዐሹራ ቀን ገንፎ በቅቤ ሠርተው ለጅብ የሚያቀርቡበት ልማድ አላቸው፤ በቀድሞ የረኃብ ዘመን ጅብ ሰው መብላት ሲጀምር ገንፎ ሰጥተው ታረቁት ይባላል። በፈላና በር ውጭ ማታ ማታ ለጕብኚ ጅብ የሚያበላ ሰው አለ፤ ያን ለማየት ብዙ ሰው ተሰብስቦ መኪና መብራቱን አብርቶ ይጠብቅ ነበር። እኛ ወደዚያ አልሄድንም፤ ልጁ ሌላ ነገር ላሳይዎ ብሎ በቅጥሩ ውስጥ ወዳለች አንዲት ጠባብ መንገድ ወሰደኝና ከአንድ ደፍ ላይ ተቀመጥን።

ሦስት ልጆች በጨርቅ ኳስ ይጫወቱ ነበር። ጥቂት ቆይቶ በቀዳዳው በኩል አንድ ጅብ ጭንቅላቱን አስገባ፤ ቀጥሎም ሙሉ አካሉን አስገብቶ ቆመ። እኔ ዣንጥላዬን ጠበቅ አድርጌ ያዝሁ። ከልጆቹ ትልቁ ኳሱን አንሥቶ በብብቱ ያዘ፤ ሌሎቹም ወደ ግድግዳው ተጠጉ። ጅቡ ማንንም ሳያይ በመካከላቸው አልፎ ወደ ገበያው ወጣ። ልጁም ኳሱን መልሶ መሬት ላይ አስቀመጠ።